«ስታርት» ስንት ትርጉም አለው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እንግሊዝኛ የሚማሩ ወዳጆች ስለዚህች አንዲት ቃል ደጋግመው የሚጠይቁትን ከቀላሉ ወደ ጠማማው በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ።

«ስታርት» ማለት «ጀመረ» ማለት አይደል? ሌላ ምን አለው?

አዎ፣ «ጀመረ» ማለት ነው። ግን እሱን ብቻ ይዛችሁ ከወጣችሁ መንገድ ላይ ትቀራላችሁ። ፈረንጅ መኪናውን ስታርት ያደርጋል፤ እኛ መኪና አንጀምርም፣ እናስነሳለን። ፈረንጅ በር ሲንኳኳ ስታርት ይላል፤ እኛ ብርግግ እንላለን። አከራይ ማስታወቂያ ላይ ስታርት ብሎ ዋጋ ይጽፋል፤ እኛ መነሻ ዋጋ እንለዋለን።

ከዚህ የተነሳ አንድ ዘዴ አለኝ። ስታርት ስታዩ «ጀመረ»ን ከመሞከራችሁ በፊት «ተነሳ»ን ሞክሩ። ሞተር ይነሳል፣ እሳት ይነሳል፣ ጠብ ይነሳል፣ መንገደኛ ከደሴ ተነስቶ ወደ ወልድያ ይሄዳል። የጨረታው መነሻ ዋጋ፣ የሥራው መነሻ ደመወዝ፣ የጉዞው መነሻ ቦታ አለ። እነዚህ ሁሉ በእንግሊዝኛ ስታርት ናቸው። በ«ጀመረ» አልሄድ ያለ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ በ«ተነሳ» ይሄዳል።

መደንገጥና መጀመር እንዴት በአንድ ቃል ይጠራሉ?

ቃሉ ሲወለድ ትርጉሙ መጀመር ስላልነበረ ነው። የመጣው በጥንታዊ እንግሊዝኛ «ስቲርታን» ከሚል ግሥ ነው። ትርጉሙም መዝለል፣ እመር ብሎ መነሳት ነበር። ደንግጦ መዝለል ከዚያ መጣ። ቀጥሎ ከቦታ ተነስቶ መንገድ መግባት ሆነ። «አንድ ሥራ ጀመረ» የሚለው ትርጉም በደንብ የተለመደው ገና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነው። ለአንድ ቋንቋ ይህ የትናንት ነገር ነው።

ስለዚህ የቆየ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስታነቡ አንድ ሰው «ስታርትድ» ካለ «ምኑን ጀመረው?» ብላችሁ አትጨነቁ። ደንግጧል። «አስደነገጠ» የሚለው «ስታርትል»ም የዚሁ ቃል እህት ነው። የሚገርመኝ የእኛው «ተነሳ» ነው። ከእንግሊዝኛው ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ግን እሱም ከመቀመጫ መነሳት ብሎ ጀምሮ ሞተርና ጠብ ጋ ደርሷል።

«ስታርት» እና «ቢጊን» ልዩነት አላቸው?

አብዛኛውን ጊዜ የላቸውም። ስብሰባ፣ ፊልም፣ ዝናብ፣ ትምህርት በሁለቱም ይጀመራሉ። ማሽን ግን በስታርት ብቻ ነው የሚነሳው። መኪናዬን «ቢጊን» አደረግኩ ያለ ሰው ያስቃል። ንግድ ማቋቋም፣ ጠብ መጫር፣ ወሬ ማስነሳትም የስታርት ናቸው።

«ቢጊን» ረጋ ያለ፣ የመጽሐፍ ጠረን ያለው ቃል ነው። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያ ቃላት «ኢን ዘ ቢጊኒንግ» ናቸው፣ የእኛ «በመጀመሪያ»። እዚያ ቦታ ላይ ስታርት ቢገባ ዘፍጥረት የሩጫ ውድድር ይመስላል።

ሦስተኛ ወንድምም አላቸው፤ «ኮሜንስ» ይባላል። ከፈረንሳይኛ የገባ ነው። ኮት ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ውስጥ ይቀመጣል። አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች ግን አንድ ቦታ ታገኙታላችሁ። የልጃችሁ ዩኒቨርሲቲ «ኮሜንስመንት» የሚል መጥሪያ ቢልክላችሁ ትምህርት ተጀመረ ማለት አይደለም። ምረቃ ነው! ልብስ አሰፉ።

አነጋገሩስ? ብዙዎቻችን «እስታርት» እንላለን።

አማርኛ ሁለት ተነባቢዎች በቃል መጀመሪያ ላይ ተጣብቀው ሲመጡ አይመቸውም። ስለዚህ ከፊት «እ» እንጨምራለን፣ ወይም በ«ስ» እና በ«ታ» መካከል ትንሽ ክፍተት እንተዋለን። ማንም ይረዳችኋል። ማስተካከል የፈለገ «ስስስ» ብሎ አየሩን ሳያቋርጥ «ታርት» ላይ ይግባ።

የበለጠ የሚያስቸግረው የሚሰሙት ነው። ለንደን ውስጥ «ር»ዋ ትጠፋለች፤ «ስታት» ይመስላል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ «ር»ዋ ጎልታ ትሰማለች። ኋለኛዋ «ት» ግን አናባቢ ሲከተላት ወደ «ድ» ትለሰልሳለች። «ስታርትድ» የሚለው «ስታርዲድ»፣ «ስታርታፕ» የሚለው «ስታርዳፕ» ሆኖ ጆሮ ውስጥ ይገባል።

«ከሰኞ ጀምሮ እሠራለሁ» ለማለት «አይ ስታርት ፍሮም መንዴይ» ልክ ነው?

ይህ የእኛ ሰው መለያ ስህተት ነው ማለት ይቻላል። «ከ» ስላለን «ፍሮም» ብለን እንተረጉማለን። እንግሊዝኛው ግን ሥራውን የሚጀምርበትን ቀን ብቻ ነው የሚጠቁመው፦ «አይ ስታርት ኦን መንዴይ»። ሰዓት ከሆነ «አት»፣ ወር ወይም ዓመት ከሆነ «ኢን» ይሆናል።

«ፍሮም» ቦታ ሲሆን፣ ወይም ቅደም ተከተል ሲኖር ይሠራል። ከፒያሳ ተነሳን፣ ከገጽ 10 እንጀምር፣ ከባዶ ጀመርኩ የሚሉት በ«ፍሮም» ይሄዳሉ።

«ሥራ ከጀመርኩ 3 ዓመቴ ነው» እንዴት ይባላል?

ቃለ መጠይቅ ላይ ብዙ ሰው የሚጥል ጥያቄ ነው። አማርኛው በራሱ ልክ ስለሆነ ቀጥታ ገልብጠን «አይ ሃቭ ስታርትድ ፎር ስሪ ይርስ» እንላለን። ጠያቂው ግራ ይጋባል። ምክንያቱም መጀመር የአንድ ቅጽበት ነገር ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጀመር አይከረምም።

ሁለት መውጫ አለ። አንዱ የጀመራችሁበትን ጊዜ መናገር ነው፦ «አይ ስታርትድ ስሪ ይርስ አጎ»። ሌላው «ጀመረ»ን ጨርሶ ትቶ ሥራውን ራሱን ማስረዘም ነው፦ «አይቭ ቢን ወርኪንግ ሂር ፎር ስሪ ይርስ»። የመጀመሪያው ቀኑን ይነግራል። ሁለተኛው ዛሬም እዚያው እንዳላችሁ ያስረዳል። ቀጣሪ ፊት ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

«ትምህርት ተጀመረ» ለማለት «ስኩል ኢዝ ስታርትድ» እንላለን። ምን ችግር አለው?

አማርኛ «ጀመረ» እና «ተጀመረ» ብሎ ይለያል። አስተማሪው ጀመረ፣ ትምህርቱ ተጀመረ። እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ሰነፍ ነው። አስተማሪውም ትምህርቱም ያው «ስታርትድ» ናቸው። «ስኩል ስታርትድ» በቃ። ሌላ ረዳት ግሥ አያስፈልገውም።

«ተ»ዋን የምናስገባው ማን እንደጀመረው ዋናው ነገር ሲሆን ነው። ድርጅቱ በሁለት እህትማማቾች ተጀመረ ስንል «ዎዝ ስታርትድ ባይ» ይሆናል። «ሌትስ ጌት ስታርትድ» የምትለዋን ለብቻዋ ያዟት፤ «በሉ እንጀምር» ናት፣ ሌላ ምስጢር የላትም።

ከ«ስታርት» በኋላ «ቱ» ነው ወይስ «ኢንግ»?

ሁለቱም ይሆናል። መዝነብ ጀመረ ለማለት «ስታርትድ ቱ ሬይን» ብትሉም «ስታርትድ ሬይኒንግ» ብትሉም ያው ነው። ስታርት ራሱ «ኢንግ» ሲይዝ ግን ቀጣዩን በ«ቱ» አድርጉት፦ «ኢትስ ስታርቲንግ ቱ ሬይን»። ሁለት «ኢንግ» ተከታትሎ ሲመጣ ለፈረንጅ ጆሮም ይከብዳል።

ቴሌቪዥን፣ መብራት፣ ኮምፒውተር ስታርት ይደረጋሉ?

ቴሌቪዥንና መብራት አይደረጉም፤ «ተርን ኦን» ነው። በአማርኛ «ክፈት» ስለምንል «ኦፕን ዘ ቲቪ» ብለን ቴሌቪዥኑን በመፍቻ የምንፈታ የምናስመስልም አለን። ሞተር ያለው ነገር ሁሉ ግን ስታርት ይደረጋል። መኪና፣ ጄኔሬተር፣ የሣር ማጨጃ። ኮምፒውተር መሐል ላይ ነው፤ ሁለቱንም ይቀበላል።

መኪናው እምቢ ካለ የምትሰሟቸው ቃላት አሉ። «ጃምፕ ስታርት» ማለት ከሌላ መኪና ባትሪ በኬብል ኃይል ወስዶ ማስነሳት ነው። ውጭ አገር ክረምት ላይ ይህን ቃል ማወቅ ከብዙ ሰዋስው ይበልጣል። እኛ የለመድነው ገፍቶ ማስነሳትም እንግሊዝኛ አለው፤ አሜሪካ «ፑሽ ስታርት»፣ እንግሊዝ «በምፕ ስታርት» ይሉታል። ፍሪሲዮን ረግጦ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ መኪናው ሲንደረደር ፍሪሲዮኑን መልቀቅ። ማርሹ አውቶማቲክ ከሆነ ግን ጎረቤት አታድክሙ፣ አይነሳም።

«ስታርተር» አንዴ ምግብ፣ አንዴ ዕቃ፣ አንዴ ሰው ይሆንብኛል። የቱ ነው?

ሁሉም ነው። የት ቆማችሁ እንደሰማችሁት ይወሰናል። ጋራዥ ውስጥ ሞተር የሚያስነሳው ዕቃ ነው፤ መካኒኮቻችን ከጣሊያንኛ በወረሱት ስም «ሞተሪኖ» የሚሉት። ለፍሎረሰንት አምፖል የምትገባው ትንሽ ድፍን ሲሊንደርም ስታርተር ናት፣ ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ በዚሁ ስሟ ትገኛለች። እግር ኳስ ላይ ስታርተር ቋሚ ተሰላፊ ነው። እንግሊዝ አገር ምግብ ቤት ደግሞ ከዋናው ምግብ በፊት የሚቀርብ ቀለል ያለ ነገር ነው፤ ሾርባ ወይም ሰላጣ። አሜሪካኖች ያንኑ «አፒታይዘር» ይሉታል።

እኔ የምወደው ግን የወጥ ቤቱን ነው። ስታርተር እርሾ ነው! ውጭ አገር «ሳወርዶ» የሚባለውን ኮምጣጣ ዳቦ የሚጋግሩ ሰዎች ዱቄትና ውሃ አቡክተው፣ እየመገቡ፣ ስም ጭምር አውጥተውለት በማሰሮ የሚያኖሩት ነገር አለ። እናቶቻችን ከቦካው ሊጥ ላይ የጠለለውን ቢጫ ውሃ አስቀርተው ለሚቀጥለው ቡኮ ሲያውሉት የኖሩት ያው ነገር ነው። ስም አላወጡለትም እንጂ።

እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። መዝገበ ቃላት «እርሾ»ን «ይስት» ብሎ ይተረጉማል። ይህን ያነበበ ስደተኛ ሱፐርማርኬት ሄዶ በፓኬት የታሸገውን ደረቅ እርሾ ይገዛል። ያኛው ዳቦ ቶሎ እንዲነፋ የተመረጠ አንድ ዓይነት እርሾ ብቻ ነው። የእናቶቻችን እርሾ ውስጥ ግን ከእርሾው ጋር ባክቴሪያዎችም አሉ፤ ኮምጠጥ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። በፓኬቱ የተጋገረ እንጀራ ዓይን ሊያወጣ ይችላል፣ ጣዕሙ ግን ይጎድላል። ለፈረንጅ ጎረቤት ስለ እንጀራ ስታስረዱ «ስታርተር» በሉት። ወዲያው ይገባዋል።

ኮምፒውተር ለማጥፋት «ስታርት»ን መጫን ምን የሚሉት ነው?

ጥያቄው ትክክል ነው፣ ፈረንጆችም ሲቀልዱበት ኖረዋል። ቁልፉ የመጣው በነሐሴ ወር እ.ኤ.አ. 1995 ከዊንዶውስ 95 ጋር ነው። ሐሳቡ ኮምፒውተር አይቶ የማያውቅ ሰው የት ልጫን ብሎ እንዳይጨነቅ ነበር። ማንኛውም ነገር ከዚህ ይጀመራል ማለታቸው ነው። ማጥፊያውንም እዚያው ውስጥ ከተቱት።

ማይክሮሶፍት በ2012 በወጣው ዊንዶውስ 8 ላይ ቁልፉን ከቦታው አነሳው። ሕዝቡ ጮኸ። በ2013 በዊንዶውስ 8.1 መለሰው። «ስታርት» የሚለው ጽሑፍ ግን ከዚያ በፊትም በዊንዶውስ ቪስታ ጊዜ ከላዩ ጠፍቶ ነበር፤ ሰው ግን ዛሬም በስሙ ይጠራዋል።

ማስታወቂያ ላይ «ስታርቲንግ አት» ካለ ዋጋው ያ ነው?

አይደለም፣ መነሻው ነው። «ስታርቲንግ አት 1,200 ዶላር» የተባለ አፓርታማ ውስጥ በ1,200 የሚገኘው ምናልባት መስኮቱ ግድግዳ የሚያየው ክፍል ነው። «አዝ ሎው አዝ» («እስከዚህ ድረስ ዝቅ ያለ») የሚለውም የእሱ ዘመድ ነው። ሥራ ላይም «ስታርቲንግ ሳላሪ» መነሻ ደመወዝ ነው። ይሄኛው ግን ጥሩ ዜና ነው፤ ወደ ላይ ነው የሚሄደው።

ሥራ ስትቀጠሩ ወረቀቱ ላይ «ስታርት ታይም 8:00 ኤኤም» ካለ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። የምታውቁት ነገር ነው፤ ግን ለአገር ቤት ዘመድ ወይም ትናንት ለመጣ ሰው ስታስተላልፉት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ተናገሩ። የ«ስታርት ዴት» ሳጥንም አሜሪካ ውስጥ ወሩን አስቀድሞ፣ እንግሊዝ ቀኑን አስቀድሞ ነው የሚሞላው።

የሥራ ማስታወቂያዎች «ሰልፍ ስታርተር» ይፈልጋሉ። ምን ዓይነት ሰው ነው?

ሳይነገረው የሚነሳ ሰው። አለቃ እስኪገፋው የማይጠብቅ። ቃሉ የመጣው ከመኪና ነው፣ ታሪኩም ደስ ይላል። ድሮ መኪና የሚነሳው ከፊት ብረት ተሰክቶ በእጅ እየተዘወረ ነበር። ብረቱ ወደ ኋላ ሲመታ እጅ ይሰብራል። እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራውን የኤሌክትሪክ ማስነሻ ገጠመ። መኪናው «በራሱ የሚነሳ» ተባለ። ከዚያ ስሙ ወደ ሰው ተላለፈ።

ሲቪያችሁ ላይ ይህን ቃል ከመጻፍ ግን ሳትታዘዙ የሠራችሁትን አንድ ነገር ብትጽፉ ይሻላል። ሁሉም ሰው ራሱን «በራሱ የሚነሳ» ነው የሚለው።

አዲስ የተከፈተ ሱቅ ሁሉ «ስታርታፕ» ነው?

ሱቅ ሱቅ ነው። ስታርታፕ የሚባለው ብዙ ጊዜ በቴክኖሎጂ ላይ የቆመ፣ ባለሀብት ገንዘብ ያፈሰሰበት ወይም እንዲያፈስበት የሚፈልግ፣ በአጭር ጊዜ በጣም ትልቅ ለመሆን የተነሳ ኩባንያ ነው። የሰፈር ምግብ ቤት ስኬታማ ሊሆን ይችላል፤ ስታርታፕ አይሰኝም። «ጀማሪ ኩባንያ» የሚለው አማርኛም ይህን አይገልጸውም። ስለዚህ አዲስ አበባም ቃሉን እንዳለ ወሰደችው። ዕብራይስጥም እንዲሁ አድርጓል፤ እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ቃሉን የሚሰሙት ከእንግሊዝኛ ሳይሆን ከዕብራይስጥ ዜና ነው።

«ስታርታፕ ኮስት» ግን ለማንኛውም ንግድ ይሠራል። መነሻ ወጪ ነው።

ሩጫ ላይ «ፎልስ ስታርት» የሚባለው ምንድን ነው?

ተኩሱ ሳይሰማ መነሳት። የሚገርመው፣ ከተኩሱ በኋላ ቢሆንም ከ0.1 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ የተነሳ ሰው ቀድሟል ነው የሚባለው። የሰው ጆሮና እግር ከዚያ ፈጥነው ሊናበቡ አይችሉም ተብሎ ስለሚታመን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ በአንድ ስህተት ከውድድር መውጣት መጣ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2011 የዴጉ የዓለም ሻምፒዮና፣ ዩሴይን ቦልት በ100 ሜትር ፍጻሜ ቀድሞ ተነሳና ሳይሮጥ ወጣ። ወርቁን የአገሩ ልጅ ዮሃን ብሌክ ወሰደ።

የእኛ ሯጮች ይህ ጣጣ እምብዛም አይነካቸውም። እስከ 400 ሜትር ያለው ተንበርክኮ ነው የሚነሳው፤ «ኦን ዮር ማርክስ»፣ ቀጥሎ «ሴት»፣ ከዚያ ተኩስ። ከዚያ በላይ ያለው ቆሞ ነው። «ሴት» የሚል ትዕዛዝም የለውም። በ10,000 ሜትር ላይ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ቀድሞ የተነሳ ሰው ምን ይጠቀማል!

የውጤት ሰንጠረዥ ላይ «ዲኤንኤስ» ካያችሁ ተመዝግቦ መነሻው ላይ ሳይቆም የቀረ ማለት ነው። «ዲኤንኤፍ» ደግሞ ተነስቶ ያቋረጠ። ከውድድር ውጭ «ፎልስ ስታርት» ተሞክሮ የከሸፈ ጅማሮ ነው። «ነን ስታርተር» ደግሞ ከፈረስ እሽቅድምድም የመጣ ነው፤ ጭራሽ የማይሆን ሐሳብ። ድርድር ላይ ይህን ቃል ከሰማችሁ በሩ ተዘግቷል።

«ሄድ ስታርት» ምንድን ነው? አሜሪካ ልጄን አስመዝግቢ ተባልኩ።

ቃሉ በራሱ ከሌላው ቀድሞ መነሳት ማለት ነው። ትልቁ ልጅ ከትንሹ ሲሽቀዳደም «አንተ ቀድመህ ሩጥ» የሚለው ዓይነት። በስሙ የሚጠራው ፕሮግራም ደግሞ በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1965 የተጀመረ የፌዴራል መንግሥት ፕሮግራም ነው። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ቤተሰቦች ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆች አንደኛ ደረጃ ከመግባታቸው በፊት በነፃ ይማሩበታል። ምግብም አለው፣ የጤና ምርመራም አለው። ከ3 ዓመት በታች ላሉትና ለነፍሰ ጡር እናቶች «ኧርሊ ሄድ ስታርት» የሚባል አለ።

የቤተሰብ ገቢ ማስረጃና የልጁ ክትባት ወረቀት ይዘሽ ብትሄጂ ጥሩ ነው። ቤት አልባ የሆኑ ቤተሰቦችና በአሳዳጊ እጅ ያሉ ልጆች ገቢ ሳይታይ ብቁ ናቸው። ቀድሞ መነሳት ሁሉን አይጨርስም፣ መጀመሪያ ከበቀለ ጆሮ በኋላ የበቀለ ቀንድ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ግን ነፃ ነውና ይመዝገብ።

«ዶንት ስታርት!» ሲሉኝ ምን ጀመርኩ?

ምንም። ወይም ብዙ። የእኛው «አትጀምረኝ!» ነው። በአማርኛ «ጀመረው ደግሞ» እንደምንለው ሁሉ እንግሊዝኛም ስታርትን ለነገር መፈለግ ይጠቀምበታል። «አር ዩ ትራይንግ ቱ ስታርት ሳምቲንግ?» ያለህ ሰው ስለ ፕሮጀክትህ እየጠየቀህ አይደለም። ነገር ፈልገህ ነው ወይ ማለቱ ነው። ቡና ቤት ውስጥ ከሆነ ሂሳብህን ክፈል።

ከጨዋው ወገን ደግሞ ሁለት አሉ። «ስታርት ኤ ፋሚሊ» የሚለው መጋባት አይደለም፤ መውለድ ነው። የተጋቡ ሰዎችን ይህን መጠየቅ በእንግሊዝኛም ደስ አይልም። ሐኪም ቤት ደግሞ ነርሷ እናትን ስለ ልጇ «ሃዝ ሺ ስታርትድ?» ካለቻት የወር አበባ ማየት ጀመረች ወይ ማለቷ ነው። አስተርጓሚ ሆኖ የቆመ ወንድም ወይም አጎት እዚህ ጋ ብዙ ጊዜ ይንተባተባል።

«ስታርት ኦፍ»፣ «ስታርት አውት»፣ «ስታርት ኦቨር» ይለያያሉ?

«ስታርት ኦቨር» ከእንደገና መጀመር ነው፤ አሜሪካዊ ነው፣ እንግሊዞች «ስታርት አጌን» ይሉታል። «ስታርት አውት» የሕይወትን ወይም የሥራን መነሻ ያወራል፤ በሹፌርነት ተነስቶ የድርጅት ባለቤት የሆነን ሰው ስናነሳ ይመጣል። «ስታርት ኦፍ» የንግግርና የቀን መክፈቻ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቀጭን ነው። ብትቀላቅሏቸው የሚቆጣችሁ የለም።

«ቱ ስታርት ዊዝ» ላይ ግን ጠንቀቅ ነው። አንዳንዴ «አንደኛ ነገር» ማለት ነው፤ ክርክር ላይ ምክንያት ስንደረድር። አንዳንዴ ደግሞ «መጀመሪያ ላይ» ማለት ነው፤ በኋላ የተለወጠ ነገር ስናወራ። የሚለያቸው ቀጥሎ የሚመጣው ወሬ ብቻ ነው።

ዜና ላይ በትልልቅ ፊደላት የሚጻፈው «ስታርት»ስ?

እሱ ምህጻረ ቃል ነው። ስልታዊ የጦር መሣሪያዎች ቅነሳ ስምምነት ከሚለው እንግሊዝኛ የተለቀሙ ፊደላት ናቸው። የመጀመሪያውን የአሜሪካው ጆርጅ ቡሽ ትልቁና የሶቪየት ኅብረቱ ሚካኤል ጎርባቾቭ በሐምሌ ወር እ.ኤ.አ. 1991 ሞስኮ ላይ ፈረሙት። «ኒው ስታርት» የተባለውን የአሜሪካው ኦባማና የሩሲያው ሜድቬዴቭ በ2010 ፕራግ ላይ ፈረሙ፤ እያንዳንዱ አገር ያጠመደው የኑክሌር አረር ከ1,550 እንዳይበልጥ የሚል ነበር። «አዲስ ጅማሮ» ብሎ የተረጎመ ሰው ዜናውን ስቶታል። ፊደላቱ ቃል እንዲሠሩ ታስቦባቸው ሳይሆን አይቀርም።

«ሬድስታርት» የምትባለው ወፍስ ምን ትጀምራለች?

ምንም አትጀምርም። ይህች ስታርት ሌላ ቃል ናት። በጥንታዊ እንግሊዝኛ «ስቴኦርት» ማለት ጭራ ነበር፤ «ሬድስታርት» ጭራ ቀይ ማለት ነው። «ስቴኦርት» የሚለው ቃል ከዕለት ንግግር ጠፋና በወፏ ስም ውስጥ ተደብቆ ቀረ። ደቡብ እንግሊዝ ዴቨን ውስጥ ባሕር ውስጥ እንደ ጭራ ሹል ብሎ የገባ መሬት አለ፤ «ስታርት ፖይንት» ይባላል። ቱሪስት መነሻ ቦታ ይመስለዋል። እሱም ጭራ ነው።

ወፏን ለማየት ደግሞ እንግሊዝ መሄድ አያስፈልግም። የአውሮፓ ክረምት ሲገባ ወደ ደቡብ ትሰደዳለች፣ ኢትዮጵያም ትደርሳለች። ቅርንጫፍ ላይ አርፋ ብርቱካናማ ጭራዋን ስታርገበግብ ካያችሁ እሷ ናት።